መስገጃ የሆነችው ደሴት



አንዲት የተማሪዬ እናት በወላጆች ስብሰባ ላይ ተነስታ «ኡስታዝ፣ ልጆቻችሁን ተቆጣጠሩ፣ አስጠኑ፣ ቁርኣን አስቀሩ ትሉናላችሁ። ሁሉም ልክ ነው። ግን አንድ ቀን እንኳ አውጥታችሁ አናፍሷቸው ስትሉን ሰምተን አናውቅም» አለችኝ። ስብሰባው ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ባጫውታት ግን እሷ አልሳቀችም። «እውነቷን እኮ ነው። አንተስ መቼ አውጥተኸን ታውቃለህ?» አለችኝ።

ሐቁን ልናገርና፣ ሽርሽር የሚባለውን ነገር ከልቤ አልወደውም ነበር። ያደግሁት ጧት መድረሳ፣ ከሰዓት በኋላ የመንግሥት ትምህርት ቤት ስመላለስ ነው። «ውሃ ዳር መዝናናት» ሲባል የሚታየኝ ሐይቅ ዳር የሚጮህ ሙዚቃ፣ የቢራ ጠርሙስ፣ ሚስትና ሴት ልጅ ይዞ ለመቀመጥ የማያስደፍር ቦታ ነበር። ዓይኔን ሰብሬ ከምውል ቤቴ ብውል ይሻላል እል ነበር። ባለፈው ክረምት ግን አላህ (ሱ.ወ.) ባላሰብኩት በኩል መንገዱን ከፈተው።

ካርቱም አብረን የተማርን አንድ ጓደኛ አለኝ። አገሩ ፔምባ ነው። ፔምባ ከዛንዚባር ደሴቶች አንዷ ስትሆን በታንዛኒያ ጠረፍ ፊት ለፊት፣ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ትገኛለች። ሕዝቧ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሙስሊም ነው። እናቶቻችን ሻይ ላይ ጣል የሚያደርጉት ቅርንፉድ እዚያ በብዛት ይበቅላል፤ በመከር ወቅት መንገድ ዳር በሰሌን ላይ ተሰጥቶ ሲደርቅ መንደሩ ሁሉ ሽታው ብቻ ይሆናል። ጓደኛዬ «ቤተሰብህን ይዘህ ና» እያለ ለዓመታት ሲጎተጉተኝ ኖረ። አምና የባለቤቴ ዕቁብ ወጣላት። እሷም «ለዕቃ አላውለውም፤ ባሕር አሳየኝ» አለች። የአሥር ዓመት ወንድ ልጃችንንና የስድስት ዓመት እህቱን ይዘን ዛንዚባር ድረስ በአውሮፕላን፣ ከዚያ ወደ ፔምባ በመርከብ ተጓዝን። መርከቡ ላይ የሆንነውን አልተርክም። ለካ ባሕር ለለመደው ብቻ ነው!

ጓደኛዬ በሦስተኛው ቀን ማታ «ነገ ሚሳሊ እንሄዳለን» አለን። «ምን አለ እዚያ?» ብለው «ምንም የለም። ለዚህ ነው የምንሄደው» ብሎ መለሰልኝ።

ሚሳሊ ከፔምባ በስተምዕራብ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ትንሽ ደሴት ናት። ስፋቷ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። መንደር የለባት፣ ሆቴል የለባት፣ የሚጠጣ ውሃም የለባት። ሱብሒን ሰግደን ወሻ ከሚባለው የጀልባ ወደብ ተነሳን። ሁለት ጀሪካን ውሃ፣ የጓደኛዬ ባለቤት በኮኮናት የሠራችው ሩዝ፣ አንድ ሰሌንና አራት መስገጃዎች ይዘናል። ጀልባውን የሚነዱት ስድሳውን ያለፉ ዓሣ አጥማጅ ናቸው። ሁሉም «ምዜ» ይላቸዋል፤ በስዋሒሊ ሽማግሌ እንደማለት ነው። እኛም ምዜ አልናቸው።

ከማንግሮቭ ዛፎቹ መሐል ወጥተን ወደ ሰፊው ባሕር ስንገባ የውሃው መልክ ከአረንጓዴ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ተለወጠ። በፔምባና በአህጉሩ መካከል ያለው ባሕር ጥልቀቱ ብዙ መቶ ሜትር ነው። ባለቤቴ የጀልባውን ጠርዝ ጨብጣ አዝካሯን ታነበንባለች። ትንሿ ልጄ «አባዬ፣ ማዶው የት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። በሐይቅ አገር ላደገ ልጅ ማዶ የሌለው ውሃ አይገባውም። እኔም ብሆን በመጽሐፍ እንጂ በዓይኔ አላውቀውም ነበር።

አንድ ሰዓት ያህል ተጉዘን ደረስን። ጀልባው የቆመበትን ዳርቻ ምቡዩኒ ይሉታል፤ በስዋሒሊ ምቡዩ ማለት ባኦባብ ዛፍ ነው። አሸዋው እንደ ዱቄት የነጣ ነው። የአንድ ሰው የእግር ዱካ እንኳ የለበትም። ድምፅ የሚባል ነገር ማዕበሉ ቀስ ብሎ መጥቶ ሲመለስ የሚያሰማው ብቻ ነው። እኔ ዝምታ አውቃለሁ የምል ሰው ነበርኩ፤ የኛ ሰፈር ዝምታ ለካ የመኪና ድምፅ ሲቀንስ ማለት ኖሯል።

በሳር ክዳን ዳስ ሥር የደሴቲቱ ጠባቂ ተቀበለን። የመግቢያውን ከፍለን ደንቡን በስዋሒሊ ዘረዘረልን፤ ጓደኛዬ ወደ ዐረብኛ፣ እኔ ወደ አማርኛ መለስን። ቆሻሻ ይዛችሁ ትመለሳላችሁ፤ ኮራል ላይ አትቆሙም፤ ዔሊ ብታዩ አትነኩም። የመጨረሻው ደንብ «ከደሴቲቱ ምንም ነገር አይወሰድም፤ ባዶ ዛጎልም ቢሆን» የሚል ነበር። ይችን አንዷን አልተረጎምኳትም። ልጄ ለአጎቱ ልጆች ዛጎል ሊያመጣላቸው ቃል ገብቷል፤ አዲስ አበባ ሳለን ጀምሮ የሚያወራው ይህንኑ ነው። አንድ ዛጎል ምን ያጎድላል ብዬ ዋጥኳት። ዐረብኛውን ከእኔ በቀር የሚሰማ አልነበረም።

ውድ አንባቢያን፣ የሴቶቹን ነገር ላስቀድም፤ ብዙ እህቶች መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህንኑ ስለሆነ። የጓደኛዬ ባለቤት የባለቤቴን እጅ ይዛ ዳርቻው ወደሚታጠፍበት ዐለት ወሰደቻት። ከዚያ ወዲያ ወንድ አያልፍም ተባለ፤ እኛ በዳሱ ሥር ቀረን። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሳቅ ሰማሁ። ባለቤቴ ነች። ከተጋባን አሥራ ሁለት ዓመታችን ነው፤ እንዲህ ያለ ሳቋን ግን አላውቀውም። ስትመለስ ልብሷ እስከ አንገቷ ርሷል፣ ሒጃቧ አሸዋ ጠጥቷል። «ውሃው ተሸከመኝ፤ ተኛሁበት» አለችኝ። የማያውቅ ሰው ዓይን የሌለበት ውሃ ለእኔ ቅንጦት ይመስለኝ ነበር። እሷ ለካ ይህን ያህል ዓመት ስትፈልገው የኖረችው ነገር ነው። መልስ አልነበረኝም፤ ፎጣ ሰጠኋት።

ዙህር ሲደርስ ውዱእ ከባሕሩ አደረግን። ልጄ አፉን ተጉመጥምጦ «ጨው ነው! በጨው ውሃ ይሆናል?» ብሎ ደነገጠ። የፊቅህ ኪታቦች የሚጀምሩት በውሃ ምዕራፍ ነው። አቡ ሹጃዕን የቀራ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ለጦሃራ የሚበቁት ውሃዎች ሰባት ሲሆኑ አንዱ የባሕር ውሃ ነው። እኔ ይህን በልጄ ዕድሜ በቃሌ ይዤዋለሁ፤ በእጄ የነካሁት ግን ገና ያን ዕለት ነው። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ የተሸከምኩት መስአላ መዳፌ ላይ ሲፈስ ሳቄ መጣ።

ቂብላው እንደ አዲስ አበባ ሁሉ ወደ ሰሜን ነው። እንዲያውም ፔምባና መካ በአንድ መስመር ላይ ናቸው ማለት ይቻላል፤ ቀጥ ብሎ ወደ ሰሜን የተጓዘ ሰው መካ ይገባል። የደሴቲቱ ስም ምንጭም ይኸው ነው ይላሉ። ሙሳፊር ስለሆንን ዙህርን ከዐስር አጣምረን፣ አሳጥረን ሰገድን። ስናሰላምት ጓደኛዬ ታሪኩን ነገረን።

እንደ አገሬው አባባል፣ ኸድር (ዐ.ሰ.) በዚህች ደሴት ለዓሣ አጥማጆች ተገልጠው መስገጃ እንዲሰጧቸው ጠየቁ። አጥማጆቹ መስገጃ አልነበራቸውም። እሳቸውም የደሴቲቱ ሰሜናዊ ዳርቻ ወደ መካ የተዘረጋ መሆኑን አይተው «እንግዲያው ይህችው መስገጃዬ ትሁን» አሉ ይባላል። በስዋሒሊ «ምሳላ» መስገጃ ነው፤ ሚሳሊ የተባለችውም ከዚያ ነው ይላሉ።

መቼም የመድረሳ ልጅ ነኝና «ሰነዱ የት አለ?» ማለቴ አልቀረም። ስለ ኸድር የምናውቀው በሱረቱል ከህፍ የተነገረውን ነው፤ እዚያም በባሕር ላይ እየሠሩ የሚኖሩ ድሆች ጀልባ ትነሳለች፤ ሚሳሊ ግን የለችም። ጓደኛዬ ሳቀብኝ። «ይህን ሐዲስ ነው ያለህ የለም፤ አያቶቻችን ያወሩት ወሬ ነው። ግን አንተ መስገጃ ላይ ቆሻሻ ትጥላለህ?» አለኝ። ዝም አልኩ። ቦርሳዬን ፈትቼ ለልጆቹ ብስኩት አወጣሁና መጠቅለያውን መልሼ ኪሴ ከተትኩ።

ምሳው ላይ ከሩዙ ጋር ኦክቶፐስ ቀረበ። ልጆቼ እግሮቹን ቆጥረው ሸሹ። አያቴ ሐነፊ ስለነበሩ ከዓሣ በቀር የባሕር ነገር አይቀምሱም ነበር፤ እኔ የቀራሁት የሻፊዒይን ስለሆነ በላሁ። ጣፋጭ ነው። ጥርስ ግን ይፈልጋል።

ከምሳ በኋላ ባሕሩ ጎደለ። ፔምባ አካባቢ በሙላትና በጉድለት መካከል ያለው ልዩነት እስከ አራት ሜትር ይደርሳል፤ ጧት የዋኘንበት ቦታ ከሰዓት በኋላ በእግር የሚኬድበት ሆነ። (ልጆች ይዞ የሚሄድ ሰው ጫማቸውን አያስወልቅ፤ የባሕር ጃርት እሾሁ ክፉ ነው።) ኮራል ድንጋይ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ እኔም አንዱ ነበርኩ። እያንዳንዱ ኮራል በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ደቃቅ እንስሳት ተጋግዘው የሠሩት ቤት ነው። ዓሣው እዚያ ይደበቃል፣ እዚያ ይበላል፣ እዚያ ያድጋል። ኮራሉ ሲፈርስ ዓሣው ይሄዳል።

ምዜ በዳሱ ሥር መረብ እየጠገኑ የነገሩን ስለዚሁ ነው። ቀድሞ አንዳንዱ ሰው በድማሚት ያጠምድ ነበር። ፍንዳታው ዓሣውን አንሳፎ ያወጣዋል፤ ኮራሉን ግን ከነሥሩ ያደቀዋል። ያንን ለመመለስ አሥርተ ዓመታት ይፈጃል። የዛንዚባር መንግሥት በ1998 እ.ኤ.አ. ደሴቲቱንና ዙሪያዋን ጥብቅ ክልል አደረገ። በምዕራብ በኩል ያለው ባሕር ጨርሶ እንዳይጠመድበት ተከለለ፤ ሌላው በሥርዓት እንዲጠመድበት ተፈቀደ። ሚሳሊ ላይ ኑሮውን የመሠረተው አጥማጅ ከሺህ በላይ ስለሆነ፣ ዝም ብሎ «አትድረሱ» ማለት ሕዝብ ማስራብ ነበር። ደንቡ ወጣ። ድማሚቱ ግን በደንብ ብቻ አልቆመም።

በ1990ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ፈዝሉን ኻሊድ የሚባሉ፣ በእንግሊዝ አገር የኢስላማዊ ሥነ ምኅዳርና የአካባቢ ሳይንስ ተቋምን የመሠረቱ ሙስሊም ምሁር ወደ ዛንዚባር መጡ። ከአጥማጆች፣ ከኢማሞችና ከመድረሳ መምህራን ጋር ተቀምጠው ስለ ባሕሩ ከቁርኣን ተነስተው አስተማሩ። የሰው ልጅ በምድር ላይ ኸሊፋ ነው ማለት ባለአደራ እንጂ ባለቤት አይደለም ማለት መሆኑን፣ አላህ ፍጥረትን በሚዛን እንዳቆመ፣ ያንን ሚዛን ማዛባት ወንጀል እንደሆነ አስረዱ። አጥማጁ ይህን ቃል ሁሉ ቀድሞ ያውቀዋል። በመስጂድ ሰምቶታል። ከመረቡ ጋር አገናኝቶት ግን አያውቅም ነበር። የሚገርመኝ ይህ ነው። እኔም «ሚዛን» የሚለውን ቃል ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ ተርጉሜላቸዋለሁ፤ ስተረጉም የሚታየኝ የሸቀጥ ሚዛን ነው።

ችግሩ ፈጽሞ ጠፋ አልተባለም። በተከለለው ክልል በሌሊት ሾልኮ የሚገባ አለ፤ ድህነትም ድህነት ነው። ምዜን «ታዲያ ምኑ ነው የተለወጠው?» ብዬ በጓደኛዬ በኩል ጠየቅኋቸው። መርፌያቸውን ሳያቆሙ «ድሮ የምንፈራው ጠባቂውን ነበር። ጠባቂ ደግሞ ይተኛል» አሉ። ሌላ አልጨመሩም። እኔ በዚያች ሰዓት የልጄ ቦርሳ ውስጥ ምን እንዳለ አውቅ ነበር። ከምሳ በፊት በሁለት እጁ ይዞ መጥቶ «ይቻላል?» ሲለኝ በዓይኔ «ደብቀው» ብዬዋለሁና።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሳ። ደሴቲቱ በተጠበቀችበት በዚያው በ1998 የባሕሩ ሙቀት ከልክ በላይ ጨመረና ጥልቀት በሌለው ውሃ የነበረው ኮራል በብዛት ነጥቶ ሞተ። ኤል ኒኞ የሚሉት ነገር ነው። አጥማጆቹ ድማሚታቸውን ቢጥሉ፣ መረባቸውን ቢያሻሽሉ ይህን አያቆሙትም። ሙቀቱ የመጣው መኪናና ፋብሪካ ከሞላበት አገር ጭስም ጋር ተደምሮ ነው። በፍርድ ቤት ቢሆን ኖሮ ከሳሽና ተከሳሽ ጭራሽ የማይተዋወቁበት ጉዳይ ይሆን ነበር። ኮራሉ ከዚያ ወዲህ በየቦታው እያገገመ፣ ደግሞም እየተጎዳ እዚህ ደርሷል።

ወደ ምዕራቡ ዳርቻ በጫካው መሐል በእግር ተጓዝን። የባሕር ዔሊዎች በሌሊት ወጥተው እንቁላላቸውን የሚቀብሩት እዚያ ነው። አንዷ ዔሊ በአንድ ጊዜ መቶ ያህል ትጥላለች፤ ሁለት ወር ገደማ ቆይቶ ይፈለፈላል። አሸዋው ሞቅ ካለ የሚበዙት ሴቶች ናቸው፣ ቀዝቀዝ ካለ ወንዶች። ትንሿ ልጄ ይህን ስትሰማ አሸዋውን በእጇ ለክታ «ሁሉም ሴት ናቸው!» ብላ ፈረደች። ዔሊ አላየንም። ያረጀ ዱካ ብቻ አየን፤ እሱም በቂ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ በረታ። በክረምት ወራት ከደቡብ የሚነሳውን ነፋስ ኩሲ ይሉታል፤ ምዜ ሰማዩን አይተው አቻኮሉን። ጀልባው ከዳርቻው ርቆ ማዕበሉ ይነቀንቀን በጀመረ ጊዜ ልጄ ጮኸ። ቦርሳው ይንቀሳቀሳል። እናቱ ከፈተችው። በፎጣ የተጠቀለለው ዛጎል እግር አውጥቶ ይራመዳል!

ሸርጣን ነው። ይህ ዓይነቱ ሸርጣን የራሱ ቤት የለውም፤ ባዶ ዛጎል ፈልጎ ይገባል፤ ሲያድግ ደግሞ ሰፋ ያለ ፈልጎ ይዛወራል። ባዶ ዛጎል አይወሰድም የተባለበት አንዱ ምክንያት ይኸው ኖሯል፤ ጎብኚ ሁሉ አንዳንድ ቢያነሳ ተከራዩ ቤት ያጣል። እኔ ያነሳነው ግን ከነተከራዩ ነው። ሁሉም ወደ ልጄ ዞሩ። ልጄ ወደ እኔ አየ። «አባዬ ፈቅዶልኝ ነው» ሊል ይችል ነበር፤ አላለም። አንገቱን ደፋ።

ነገሩን ቶሎ ለመጨረስ ሸርጣኑን ይዤ ወደ ባሕሩ ልወረውረው ስል ምዜ ክንዴን ያዙኝ። ይህ የየብስ ነው፣ ጥልቅ ውሃ ውስጥ ይሰምጣል አሉ። ለካ ጥፋቴን በሌላ ጥፋት ልሸፍን ነበር። ያኔ አፌን ከፈትኩ። በዐረብኛ ለጓደኛዬ፣ በአማርኛ ለቤተሰቤ «ልጁ አላጠፋም። ጠባቂው አትውሰዱ ብሎ ነበር፤ እኔ ነኝ ሳልተረጉም ያለፍኩት» አልኩ። ጓደኛዬ ለምዜ ተረጎመ። እሱ ምንም አላስቀረም።

ምዜ አልተቆጡም። ውሃ የሚቀዱበትን ቆርቆሮ አንስተው እርጥብ ፎጣ አነጠፉበትና ለልጄ አቀበሉት። «ነገ ሌሊት ለአሣ እወጣለሁ። ሸርጣኑ አማና ነው። እስከ ወደብ አንተ ያዘው፤ ከዚያ እኔ እይዘዋለሁ» አሉት። ልጄ ነፋሱም ማዕበሉም ሳይገደው ቆርቆሮውን በሁለት ጉልበቱ መሐል አጥብቆ ወሻ ድረስ ይዞት ተጓዘ። ሲያስረክብ እጃቸውን ሳመ። ባለቤቴ በመንገድ ሁሉ ዝም ብላኝ መጣች። ቤት ስንደርስ ብቻ «ሌላስ ያልተረጎምክልን ነገር አለ?» አለችኝ።

በማግሥቱ ሳይሆን በሦስተኛው ቀን፣ ወደ ዛንዚባር በምንመለስበት ጧት ጓደኛዬ ከወደብ ደወለ። «ምዜ አማናውን አድርሰዋል፤ ትናንት ሌሊት ነፋስ ስለነበር ነው የዘገዩት» አለኝ። ለልጄ ነገርኩት። ስልኩን ከእጄ ተቀብሎ፣ ለፋቲሐና ለሰላምታ በቂ በሆነችው ዐረብኛው፣ የት እንዳስቀመጡት ጠየቀ። ከባኦባቡ ሥር ነው ተባለ። «ከየትኛው ባኦባብ?» አለ።